«ከፈላ ምን ችግር አለው?» ስለ ማዕድን ዝቃጭ የምንሳሳተው ነገር

ሰሞኑን ፒያሳ ጀበና ቡና ላይ በርጩማ ይዘን ቁጭ ብለን ወሬው ወደ ለገደምቢ ዞረ፣ ያው ጉጂ ውስጥ ያለው፣ በ2010 ዓ.ም. የአካባቢው ሰው የእኛም የልጆቻችንም ጤና ተበላሸ ብሎ አደባባይ ወጥቶ ፈቃዱ የታገደው የወርቅ ማዕድን። ቡናው ላይ የተባለውን ሰምቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

«ውሃውን አፍልቶ መጠጣት ነው»

ይሄኛው በጣም ነው የሚያስፈራኝ። ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው በቃ። ማንቆርቆሪያ ስሩ ላይ ነጭ ነገር ሲጋገር አይታችኋል አይደል? ውሃው ይተናል፣ ውስጡ ያለው ይቀራል። ከማዕድን ዝቃጭ፣ ማለትም ማዕድኑ ወጥቶ ከሚቀረው ጭቃና ፍርስራሽ፣ ወደ ውሃ የሚገባው አርሴኒክ የሚባለው መርዝም እንደዛው ነው፣ እንደውም ባፈላነው ቁጥር እየወፈረ ነው የሚሄደው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ10 ማይክሮግራም አይብለጥ ያለው በዓመታት ቆዳ ላይ ምልክት አውጥቶ እስከ ካንሰር ስለሚያደርስ ነው። በላብራቶሪ ካልታየ በዓይን አይታወቅም።

«የሚጎዳው ጉድጓድ የሚገባው ነው»

በፈረንጆች 2010 ናይጄሪያ ዛምፋራ ውስጥ ሰዎች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ እቤታቸው ግቢ ይፈጩ ነበር፣ ድንጋዩ ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ነበረበት፣ አቧራው መሬቱ ላይ ሲቀር ህጻናት ሲድሁ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ሲከቱ ገባባቸው፣ ከ400 በላይ ልጆች በወራት ውስጥ ሞቱ። አንዳቸውም ቆፋሪ አልነበሩም።

«የጠጣነውን አቧራ ወተት ያጥበዋል»

ወተት የሚሄደው ሆድ ነው፣ የድንጋይ አቧራ ሳንባ ውስጥ ነው ጠባሳ የሚሰራው። ይሄ የሳንባ በሽታ፣ ሲሊኮሲስ የሚባለው፣ ከያዘ መዳኛ የለውም፣ አቧራውን በውሃ እያረጠቡ መስራት ይሻላል።

«ባህላዊው የወርቅ ማውጣት ጉዳቱ ቀላል ነው»

ሜርኩሪ፣ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ ወርቁን ይይዝና በእሳት ሲተን ትነቱን የሚስበው አጠገቡ ያለው ሁሉ ነው። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያስረሳል፣ ማህፀን ውስጥ ያለውን ልጅ አንጎል ይጎዳል። ቤት ውስጥ፣ ያውም ምግብ በሚበሰልበት ምድጃ፣ በፍጹም።

«ሲዘጋ አለቀ»

ዛምቢያ ካብዌ ያለው የሊድ ማዕድን በፈረንጆች 1994 ተዘጋ፣ ዝቃጩ ግን እዛው ተቆልሎ ነፋስ ይበትነዋል። ዛሬ ደማቸው ውስጥ ሊድ የሚገኝባቸው ህጻናት ማዕድኑ ሲዘጋ አልተወለዱም፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ራሳቸው ገና ልጅ ነበሩ።