የድንበሩ ደርቢ፦ ቼስተር እና ሬክሳም

ስለ ዌልሱ የእግር ኳስ ክለብ ሬክሳም በአማርኛ ሲወራ ወሬው የሚጀምረው ክለቡን ከገዙት ሁለት የፊልም ተዋናዮች ነው። ከእነሱ በፊት የነበረው የረጅም ዘመን ፉክክር አይነሳም። የፉክክሩ ሌላኛው ወገን ቼስተር ደግሞ ጭራሽ ስሙም አይጠራም። ስለዚህ ያገኘሁትን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቼስተር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ድንበር ጥግ ያለች ከተማ ናት። የቆረቆሯት ሮማውያን ናቸው፤ ዴቫ ይሏት ነበር። ዙሪያዋን በጥንት ግንብ የታጠረች፣ ቱሪስት የማይጠፋባት ውብ ከተማ ናት። ሬክሳም ከድንበሩ ወዲያ፣ በሰሜን ምስራቅ ዌልስ ናት። የከሰል ድንጋይና የቢራ አገር ነበረች። በመሀላቸው ያለው መንገድ ቢበዛ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ቁርሾው ከእግር ኳስ ይቀድማል። ኦዌን ግሊንዱር የተባለው ዌልሳዊ መሪ በእንግሊዝ ዘውድ ላይ ባመፀበት ጊዜ፣ በ1403፣ ዌልሳውያን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቼስተር ውስጥ እንዳይገኙ ትዕዛዝ ወጥቶ ነበር። "እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግንቡ ውስጥ የተገኘ ዌልሳዊን በቀስት መምታት ይቻላል" የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ የሚነገረው ከዚያ ተነስቶ ነው። የሕግ ሰዎች እንዲህ ያለ ሕግ የለም ብለዋል፤ ሰው መግደል ሰው መግደል ነው።

ቼስተር የተመሰረተው በ1885 ነው፤ ሁለት የከተማዋ ቡድኖች ተዋህደው። የሬክሳም ምስረታ ትንሽ ያከራክራል። ክለቡ ለረጅም ጊዜ የ1870ዎቹን መጀመሪያ ሲጠቅስ ኖሮ በኋላ "የለም፣ 1864 ነው" ብሎ አስተካከለ፣ በዚህም ከዓለም ጥንታዊ ክለቦች አንዱ ሆነ። ማስረጃ አለን ይላሉ፤ እሺ ይሁንላቸው። ሜዳቸው ሬስኮርስ ግን በእርግጥም ጥንታዊ ነው። ዌልስ በአገሯ ምድር የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያደረገችው እዚያ ነው፣ በ1877፣ ከስኮትላንድ ጋር። 2 ለ 0 ተሸነፈች።

ሬክሳም እንግሊዝ ሊግ የገባው በ1921 ነው። ቼስተር በ1931 ተከተለው፤ የሊግ ደርቢውም ከዚያ ይጀምራል። በነዚያ ዓመታት እግር ኳስ ለሬክሳም ሰው ምን እንደነበር የሚያሳይ አንድ መራራ ታሪክ አለ። መስከረም 22 ቀን 1934፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከከተማዋ አጠገብ ያለው የግሬስፎርድ የከሰል ማዕድን ፈነዳ። 266 ሰው ሞተ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ የሬክሳምን ጨዋታ ለማየት ብለው ፈረቃቸውን ወደ ሌሊት ያዞሩ ነበሩ ይባላል።

አሁን ወደ ዌልስ ዋንጫ። ይሄ ውድድር በዌልስ እግር ኳስ ማኅበር የሚመራ ሆኖ የድንበር አካባቢ የእንግሊዝ ክለቦችንም ይጋብዝ ነበር። ሬክሳም 23 ጊዜ ወስዶታል። ቼስተር ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በ1908፣ በ1933 እና በ1947። ግን የ1933ቱ ፍጻሜ የተደረገው ከማን ጋር ነው? ከራሱ ከሬክሳም ጋር! 2 ለ 0። የሰውን ዋንጫ ከባለቤቱ እጅ መንጠቅ ማለት ይሄ ነው።

በኋላ ላይ የዋንጫው አሸናፊ ዌልሳዊ ከሆነ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ይሳተፍ ነበር። እንግሊዛዊ ከሆነ ግን አይሄድም። ይህች ሕግ ሬክሳምን ያልጠበቀው ሲሳይ ውስጥ ከታዋለች። በ1984 በፍጻሜው በሌላው የድንበር ክለብ በሽሩስበሪ ተሸነፈ። ሽሩስበሪ እንግሊዛዊ ስለሆነ ቀረ፣ ተሸናፊው ሬክሳም አውሮፓ ሄደ። እዚያም ፖርቶን ገጠመ። በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ፖርቱጋል ላይ 4 ለ 3 ተሸነፈ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባቸው ጎሎች አለፈ። ያን ጊዜ ሬክሳም አራተኛ ዲቪዚዮን ነበር! ቀጥሎ ሮማ አስወጣው። ከ1995 በኋላ ግን በእንግሊዝ ሊግ የሚጫወቱ ክለቦች ከዌልስ ዋንጫ ወጡ፣ ያ በርም ተዘጋ።

በሌላ በኩል በ1992 ሬክሳም የሊጉን ሻምፒዮን አርሰናልን ከኤፍኤ ካፕ አስወጥቷል፣ 2 ለ 1። ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት ሬክሳም ከሊጉ ክለቦች ሁሉ መጨረሻ ነበር የጨረሰው። የሚኪ ቶማስን ቅጣት ምት ያላየ የአርሰናል ደጋፊ ቢፈልጋት ያገኛታል፤ ያየ ደግሞ ድጋሚ ማየት አይፈልግም።

ሁለቱንም ወገን የቀመሰ ሰው ካነሳን ኢያን ራሽ ነው። የተወለደው ሰሜን ዌልስ ውስጥ ነው፤ ኳስ ያስተማረው ግን ቼስተር ነው። በ1980 ሊቨርፑል በ300,000 ፓውንድ ወሰደው፣ የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። በስተርጅና ለሬክሳም ተጫወተ። ከዚያ በ2004 ቼስተርን ሊያሰለጥን ተመለሰ፣ ዓመት ሳይሞላው ለቀቀ።

የሁለቱም ችግር አንድ ዓይነት ነበር፦ ባለቤት። ሬክሳም በ2004 ዕዳ ውስጥ ገብቶ በአስተዳዳሪ ሥር ሲወድቅ፣ በዚህ ምክንያት 10 ነጥብ የተቀነሰበት የመጀመሪያው የሊግ ክለብ ሆነ። በ2008 ከሊጉ፣ ማለትም ከላይኞቹ አራት እርከኖች፣ ወደ አምስተኛው ወረደ። በ2011 ዋስትና አምጡ ሲባል ደጋፊው በአንድ ቀን ከ100,000 ፓውንድ በላይ አዋጥቶ ክለቡን አዳነ። ይሄን ማድነቅ ግድ ነው። ቼስተርም አሜሪካዊ ባለቤት ነበረው፣ ሆሊውድ ሬክሳምን ከማወቁ ከ20 ዓመት በፊት። በ1999 የመጣው ቴሪ ስሚዝ የአሜሪካ ፉትቦል ሰው ነበር፤ ራሱን አሰልጣኝ አድርጎ ሾመ። በ2000 ክለቡ ከሊጉ ወረደ። አንዳንዱ አሜሪካዊ እንዲህም ነው።

ቼስተር በ2004 ቢመለስም በ2009 እንደገና ወረደ፣ መጋቢት 2010 ላይ ደግሞ በፍርድ ቤት ፈረሰ። ደጋፊዎቹ በዚያው ዓመት እንደገና አቋቁመው ከስምንተኛው እርከን አስጀመሩት። የምዝገባ ወረቀቱ አዲስ ነው፤ ለደጋፊዎቹ ግን ክለቡ ያው የ1885ቱ ነው። በ2011፣ በ2012 እና በ2013 በተከታታይ ሦስት ጊዜ አደገ። ልብ በሉ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ።

በዚህም ደርቢው በአምስተኛው እርከን ተመለሰ፣ ሁለቱም ክለቦች በደጋፊ እጅ ሆነው። ፖሊስ ግን ስጋት ነበረው። እንግዳው ደጋፊ በራሱ መኪናም በባቡርም መምጣት አይችልም ነበር፤ በተመደበለት አውቶቡስ ታጅቦ ይመጣ፣ ታጅቦ ይመለስ ነበር። ግማሽ ሰዓት ለማይፈጅ መንገድ! ከሁለቱም ወገን ተቃውሞ ነበር።

የቼስተር ስታዲየም ነገር ደግሞ ለብቻው ያስቃል። በ1992 የተከፈተው ዴቫ ስታዲየም ድንበሩ ላይ ነው የተሠራው። የፊት በሩና ቢሮው እንግሊዝ፣ ሜዳው ዌልስ ነው። ይህ ለዓመታት የቀልድ ርዕስ ብቻ ነበር። ኮቪድ መጣና ቀልዱ ቀረ። ታህሳስ 2021 መጨረሻ ላይ ዌልስ ከቤት ውጪ ለሚደረግ ውድድር ተመልካቹን በ50 ሰው ስትገድብ እንግሊዝ አልገደበችም። ቼስተር በሁለት ጨዋታዎች በእያንዳንዳቸው ከ2,000 በላይ ሰው አስገባ፣ ከዚያ ከዌልስ በኩል "ሕግ ጥሳችኋል" ተባለ። ክለቡ እኛ እንግሊዛዊ ነን፣ የምንተዳደረውም በእንግሊዝ ሕግ ነው ብሎ ተከራከረ። ጥር ላይ ዌልስ ገደቡን ስታላላ ነገሩ በዚያው በረደ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማከልሄኒ በ2021 ሬክሳምን ገዙ፣ ካሜራ ተከተለ። ሬክሳም በ2023 በ111 ነጥብ ወደ ሊጉ ተመለሰ፣ በ2024 እና በ2025ም አድጎ ሁለተኛው እርከን ሻምፒዮንሺፕ ገባ። ከላይኞቹ አምስት እርከኖች ውስጥ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ያደገ ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም። ቼስተር ያደረገው ከታች ነውና አይቆጠርለትም።

ቼስተር በ2018 ወደ ስድስተኛው እርከን ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በሊግ ተገናኝተው አያውቁም። ሬክሳም ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርስ በመሀላቸው የአራት እርከን ልዩነት ተፈጠረ፣ መንገዱ ግን ያው 20 ኪሎ ሜትር ነው።