ፊዚሺያን አሲስታንት ምንድን ነው? ፈቃዱስ እንዴት ይገኛል?

ፊዚሺያን አሲስታንት፣ በአጭሩ ፒኤ፣ በአሜሪካ ታካሚ የሚመረምር፣ በሽታ የሚለይና መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ነው። ስሙ «ረዳት» ስለሚል ብዙዎች የደም ግፊት ከሚለካውና ቀጠሮ ከሚይዘው ሜዲካል አሲስታንት ጋር ያምታቱታል። በሥራው ግን ለጤና መኮንን ይቀርባል። ሙያው እ.ኤ.አ. በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በባሕር ኃይል ሕክምና ያገለገሉ ወታደሮች ነበሩ።

ዛሬ ትምህርቱ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ዲግሪው በምንም ይሁን፣ እንደ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ኬሚስትሪ ያሉ ኮርሶችን መውሰድ ግድ ነው። ኮርሱ ብዙ ዓመት ካለፈው የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። አመልካች በብዛት የሚሳሳተው በልምድ ሰዓት ላይ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች 1,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ የሚቆጠረው ግን ታካሚን በእጅ የነኩበት ሥራ ነው። አምቡላንስ ላይ መሥራት ይቆጠራል፣ እንግዳ መቀበያ መቀመጥ አይቆጠርም።

ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል፤ ግማሹ ያህል ክፍል ውስጥ፣ ቀሪው በሆስፒታልና በክሊኒክ በየክፍሉ እየተዘዋወሩ። ጎን ለጎን ተቀጥሮ መሥራት የማይታሰብ ነው ማለት ይቻላል።

ከማመልከት በፊት መጣራት ያለበት ትምህርት ቤቱ አርክ ፒኤ ከተባለው አካል ዕውቅና ማግኘቱ ነው። ያለዚህ ፓንስ ለሚባለው ብሔራዊ ፈተና መቀመጥ አይቻልም። ውጭ አገር የተማረ ሐኪምም ቢሆን አቋራጭ የለውም፤ ፕሮግራሙን ጨርሶ መመረቅ አለበት።

ፓንስ 300 ጥያቄ አለው፦ 60፣ 60 ሆኖ በ5 ክፍል፣ ለእያንዳንዱ 60 ደቂቃ። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ሲሆን ማለፊያው 350 ነው። ከምረቃ በኋላ ያለው ዕድል 6 ዓመት ወይም 6 ሙከራ ነው፣ የቀደመው ያበቃዋል። ይህን የጨረሰ ሰው ድጋሚ ለመፈተን ትምህርቱን ከሀ መጀመር ይኖርበታል።

ፈተናውን ማለፍ ብቻውን ሥራ አያስጀምርም። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ብዙዎቹ አሻራና የወንጀል ምርመራ ስለሚጠይቁ ሥራ ከመያዝ በፊት ማመልከት ይበጃል። እንደ ሞርፊን ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ለማዘዝ ደግሞ የፌዴራል ምዝገባ አለ። ከሐኪም ጋር ያለው የሥራ ግንኙነትም በየግዛቱ ሕግ ይለያያል።

ፓንስን ያለፈ ሰው የሚያገኘው ብሔራዊ ሰርተፊኬት እድሳት በየ2 ዓመቱ 100 የተከታታይ ትምህርት ክሬዲት ይጠይቃል፤ በ10 ዓመት ዑደት ውስጥም ዳግም ምዘና አለ። ሰርተፊኬቱ ሲያልፍበት ፈቃድ የማያድሱ ግዛቶች ስላሉ የሰርተፊኬቱንና የፈቃዱን ማብቂያ ቀኖች ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል።