«ጨርቃም» የምትለው ቃል

የነሐሴ 24ን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ዕረፍት በደብረ ሊባኖስ አክብረን ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ፥ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ፥ ነጠላውን ገና ከትከሻው ያላወረደ ወጣት ነበር። ስልኩን አውጥቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ ፖለቲካ ይከራከር ጀመር። ክርክሩ የተነሣው ስለ አንድ ባለሥልጣን ንግግር ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሳይመላለሱ ግን ንግግሩ ተረስቶ ነገሩ «ዘርህ ምንድን ነው?» ወደሚል ጥያቄ፥ ከዚያም ወደ ስድብ ወረደ። የዚያኛው ሰው ፕሮፋይል የእመቤታችን ሥዕል ነው፤ የእኛው ልጅ ደግሞ የጻድቁ። ከሁለቱ ቅዱሳት ሥዕላት ሥር የተጻፈውን እዚህ ልደግመው አልችልም።

«ልጄ፥ ሰውየውን ታውቀዋለህ?» አልሁት።

«አላውቀውም አባቴ፤ ግን ሰው ሁሉ እያየ እንዴት ዝም እላለሁ?» አለኝ።

የነገሩ ሥር ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ነው። የሚጻፈው ለተከራካሪው ሳይሆን ላይክ ለሚያደርገው ተመልካች ነውና መርታት እንጂ መግባባት አይፈለግም፤ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር የማናየው ሰውም ሰው መሆኑ ይረሳናል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 22 «ወንድሙንም ጨርቃም የሚለው ሁሉ የሸንጎ ፍርድ ይገባዋል» ብሏል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም ቃሉ ከባድ ስድብ እንዳልሆነ፥ ንቀትን የሚያሳይ እንደሆነ ያስተምራል። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በሸንጎ የሚያስቆመን እንደ ስድብ እንኳ የማንቆጥረው ቃል ከሆነ፥ አንድን ሕዝብ በጅምላ ከሰው ተራ የሚያወጣው ጽሑፋችን ምን ሊፈረድበት ነው? ቀጥሎም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል፤ እውነተኛ ስሙን ከማናውቀው ሰው ጋር በየትኛው ሽማግሌ እንታረቃለን?

በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል፥ ከአጠገባችን ለቆመው ለማናውቀው ሰው ራሳችንን ዝቅ አድርገን እጅ እንነሣለን፤ ከየት መጣ፥ ማንን ይደግፋል ብለን አንጠይቅም። ወገኖቼ፥ ከሰዓት በኋላ በስልካችን የምንሰድበው ያንኑ ሰው እንዳልሆነ በምን እናውቃለን? ጻድቁ አባታችን አንድ እግራቸው እስኪሰበር ቆመው የጸለዩት በመልክ ለሚያውቋቸው ብቻ አልነበረም። (እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ በጾም ወራት ሳይቀር ጽፌ ያጠፋሁት መልስ አለ።)

ልጁ ይህን ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ደብረ ብርሃን ልንገባ ጥቂት ሲቀረን መልሶ አወጣው፤ ሰውየው ምን ብሎ እንደ መለሰለት ሊያይ ነበር።