«ምንም በሌለበት ተማሪ በምን ይነቃቃል?» የሚሉ አመለካከቶችና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወሬ ሲነሳ የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ። ልጆችን ስለሚጎዱ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ላብራቶሪ ሳይኖር ልጅ ለሳይንስ አይነቃቃም»

እጥረቱ እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም። ልጅን የሚቀሰቅሰው ጥያቄ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ ጥያቄ ሞልቷታል። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል? ይህን ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ጠይቁና ግምታቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከዚያ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ከላይ ቆርጣችሁ እኩል ውሃ አድርጉበት። አንዱ ፀሐይ ላይ፣ አንዱ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ልጆቹ በየቀኑ በማስመሪያ ይለኩ። ትነትን በዓይናቸው ያዩታል። ከፊሉ ወደ መሬት እንደሚሰርግም አሸዋ ላይ ውሃ አፍስሶ ማሳየት ይቻላል። ለሒሳብ ቆርኪ አለ፤ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያለው ዋጋም አለ።

«ካልተሸለሙ አይሠሩም»

ይሄ አባባል ከኪሱ ከረሜላ የሚገዛውን መምህር በከንቱ ያስጨንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ተመልክቶ ነበር። «ብትስሉ ትሸለማላችሁ» የተባሉት፣ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው በመሳል ያሳለፉት ጊዜ ካልተሸለሙት በግማሽ ያህል ያነሰ ሆነ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ዓመቱን ለለፋ ልጅ በድንገት ደብተር መስጠትን አልቃወምም። ለዕለት ተዕለቱ ግን «ትናንት ያቃተሽን ማካፈል ዛሬ ራስሽ ጨረስሽው» ማለት ይሻላል።

«60 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉንም ማሳተፍ አይቻልም»

ሁሉም ለመምህሩ ይመልስ ከተባለ፣ አዎ። አጠገቡ ለተቀመጠው ይንገር ከተባለ ግን ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በሲዳምኛ አፉን የፈታ ልጅ በሲዳምኛ ያስረዳ።

«ፈዞ የሚቀመጥ ልጅ ሰነፍ ነው»

መጀመሪያ ቁርስ መብላቱን ጠይቁ። ሰሌዳው ይታየው እንደሆነም እዩ። ከኋላ ወደ ፊት ማዛወር ወጪ የለውም።

«ጎበዝ መምህር ካለ ሌላው ባይሟላም ግድ የለም»

ይሄኛው ያናድደኛል። ውሃና መዝጊያ ያለው መፀዳጃ በሌለበት፣ የወር አበባ የጀመረች ልጅ ከክፍል ልትቀር ትችላለች። የቀረችን ልጅ የትኛውም ብልሃት አያስተምራትም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ሲሰበሰብ የጎደለው በቁጥር ይነሳ፦ ስንት ዴስክ፣ ስንት ቧንቧ፣ ስንት የመፀዳጃ በር። ማን እስከ መቼ እንደሚያስፈጽምም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።