ግርማ ይፍራሸዋ፦ ከክራር ወደ ኮንሰርት ፒያኖ

ግርማ ይፍራሸዋ እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ የተወለደ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ሲሆን፣ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ከአገሩ ቅኝቶች ጋር በአንድ መድረክ በማቅረብ ይታወቃል። በልጅነቱ ይጫወት የነበረው ክራር ነው፤ ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነበር።

በዚህ ሙያ 16 ዓመት እጅግ የዘገየ ዕድሜ ነው። ለኮንሰርት የሚሠለጥን ልጅ ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ከፒያኖ ፊት ይቀመጣል፤ ሁለቱ እጆች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ የየራሳቸውን ዜማ እንዲይዙ፣ ዓይን ኖታውን እንዳየ ጣት ወዲያው እንዲታዘዝ የሚያደርገው ልማድ የሚሠረጸው በእነዚያ ዓመታት ነውና። ዘግይቶ የመጣ ተማሪ ይህን ሁሉ በብርቱ ልምምድ ማካካስ አለበት። ሆኖም ግርማ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ክራር ጆሮውን አስቀድሞ ቀርጾለት ነበር፣ ይህም በኋላ በደረሳቸው ሥራዎች ውስጥ በግልጽ ይሰማል።

ከያሬድ በኋላ ወደ ቡልጋሪያ ተጉዞ በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ በፕሮፌሰር አታናስ ኩርቴቭ ሥር መማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1989 የአገሪቱ የኮሙኒስት ሥርዓት ሲወድቅ ግን ትምህርቱ ተቋረጠና ወደ ጣሊያን ተሰደደ። በየቀኑ ካልተለማመደ እጁ ለሚፈታ ፒያኒስት እንዲህ ያለ መቋረጥ ከጊዜ ብክነት በላይ ነው። በዚያ የተቀበሉት የአንድ ካቶሊካዊ ማኅበር ወንድሞች ረድተውት ወደ ሶፊያ ተመለሰና ትምህርቱን ፈጸመ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2001 በተማረበት በያሬድ ፒያኖ አስተምሯል። በኮንሰርቶቹም የሾፓንን፣ የሹማንንና የደቡሲን ሥራዎች ከራሱ ድርሰቶች ጋር አሰልፎ ያቀርብ ጀመር።

የራሱ ድርሰቶች የተለየ ትኩረት ይገባቸዋል። ማሲንቆ ድምፅን ከአንዱ ወደ ሌላው ያንሸራትታል፤ የፒያኖ ቁልፍ ግን ከተቃኘበት ድምፅ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ የአገር ዜማ ልስላሴና መርገብገብ በፈጣን ጌጥ ኖታዎችና በጥንቃቄ በተመጠነ የጣት ክብደት ብቻ ሊመጣ ይችላል። አምባሰል፣ ሰመመን እና እልልታ የተሰኙት ሥራዎቹ ይህን አሳክተዋል፤ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አልበሙ ውስጥ ይገኛሉ።