«ተከላካዩ ተንቀሳቅሷል!» እና ሌሎች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጩኸቶች

መጋቢት ላይ የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ሲጀመር ዳኛ ያልሆነ ሰው አይገኝም። ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የታዳጊዎች ጨዋታ ስለምዳኝ ጓደኞቼ በቴሌቪዥን ያዩትን ሁሉ እኔ ያጠፋሁ ይመስል እኔ ላይ ይጮሃሉ። አብዛኛው ጩኸት ደግሞ ደንቡን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

«እጁን መታው!» ኳሱን የነካ እጅ እንደ ኳሱ ይቆጠራል። ክንድ ሲመታ ነው ፋውል።

«ከጀርባው ላይ ወሰደበት!» እንዲህ የሚባል ፋውል የለም። ሳይገፋ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ከወሰደ ቁመቱ ወንጀል አይደለም።

«ተከላካዩ ካልቆመ ቻርጅ የለም።» ይሄኛው ነው ያንገሸገሸኝ። ቻርጅ ማለት አጥቂው ቦታውን የያዘ ተከላካይ ላይ ሲወጣበት በአጥቂው ላይ የሚነፋ ፋውል ነው። ደንቡ ቁም አይልም። መጀመሪያ ሁለት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ አጥቂው ያዙር ይላል። ይህን ቦታ አንዴ ከያዘ ወደ ጎን መሄድ፣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ባለበት ቀጥ ብሎ መዝለልም ይችላል። የማይፈቀድለት ወደ አጥቂው መግፋት ነው።

አንድ አባት ልጃቸው ላይ ቻርጅ ስለነፋሁ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ቪዲዮው ላይ ልጁ የሚያፈገፍገውን ተከላካይ ደረቱ ላይ ይወጣበታል። «አየህ፣ ይንቀሳቀሳል!» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ኋላ።

እውነቱን ለመናገር ከባዱ ነገር ጊዜው ነው። በወንዶች ጨዋታ እስከ 2023 ድረስ ተከላካዩ አጥቂው ከመሬት ከመነሳቱ በፊት ቦታ ከያዘ ይበቃው ነበር። ከ2023-24 ጀምሮ ግን አጥቂው ለመዝለል እግሩን ከመትከሉ በፊት መድረስ አለበት። በዚያ ላይ ከቅርጫቱ ስር ሜዳው ላይ የተሰመረው ቅስት አለ፤ በ2015-16 ከ3 ጫማ ወደ 4 ጫማ ሰፍቷል። ሊረዳ የመጣ ተከላካይ እዚያ ውስጥ ከቆመ ቻርጅ አያገኝም። ዳኛው ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይፈርዳል፤ እናንተ ሶፋ ላይ ሆናችሁ አዘግይታችሁ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ኳሱን ተዉት፣ ተከላካዩን እዩ። ሙግቱ ግማሹ ያኔ ያልቃል። ወላጅ ከሆናችሁ ደግሞ ልጃችሁ ሲያጠቃ በሁለት እግሩ ረግጦ መቆምን ይልመድ፤ ዝም ብሎ ሰው ላይ መሮጥ ጀግንነት አይደለም።

«በ2019 ኦበርን በውሸት ፋውል ተሸነፈ።» በዚያ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ 0.6 ሴኮንድ ሲቀር ለቨርጂኒያው ካይል ጋይ የተሰጠው ፋውል ትክክል ነበር፤ ሦስቱንም ነፃ ውርወራ አግብቶ 63 ለ 62 አለቀ። ዳኞቹ ሳይነፉ ያለፉት ከዚያ በፊት የቨርጂኒያው ታይ ጀሮም የሠራውን ዳብል ድሪብል (ኳሱን ይዞ እንደገና ማንጠር) ነው። ተቆጡ፣ ግን በትክክለኛው ስህተት ተቆጡ።

«ዳኞቹ የኤንሲኤኤ ሠራተኞች ናቸው።» የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሠራተኞች አይደሉም። በየጨዋታው የሚከፈላቸው የግል ተቋራጮች ናቸው፤ የሚመድቧቸው ኮንፈረንስ የሚባሉት የኮሌጆች ሊጎች ናቸው። ዛሬ አንዱ ኮንፈረንስ ውስጥ፣ ነገ ሌላ ከተማ ለሌላ ኃላፊ ያጫውታሉ። መጋቢት ላይ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሦስት ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። አንድ ወጥ አይደሉም የሚለው ቅሬታ እዚህ ላይ እውነት አለው። የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንቢኤ ከ2015 ጀምሮ በተቀራረቡ ጨዋታዎች የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ፍርድ ገምግሞ ለሕዝብ ያወጣል፤ ኮሌጁ ይህ የለውም።

«ዳኛ ፋውል አያመጣጥንም።» ይሄ የእኛ የዳኞቹ ተረት ነው። በ2009 የታተመ ጥናት ከ2004-05 የውድድር ዘመን 365 የኮሌጅ ጨዋታዎችን አይቶ፣ የፋውሉ ልዩነት በሰፋ ቁጥር ቀጣዩ ፊሽካ ትንሽ ፋውል ባለው ቡድን ላይ የመነፋት ዕድሉ እንደሚጨምር አገኘ። እንግዳ ቡድንም ፋውል ይበዛበታል። ይህን ሳነሳ የሙያ ጓደኞቼ ወሬ ይቀይራሉ። ፋውሉ 8 ለ 3 የሆነ ጨዋታ ስታገኙ ቀጣዩ በማን ላይ እንደሚነፋ ራሳችሁ እዩ።