ሸክም እንዳልሆን

ሰሞኑን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ አሉኝ። ሞንትሪያል ከገቡ ብዙ ዓመታቸው ነው። ሐኪም የመርሳት በሽታ ጀምሮዎታል ብሏቸዋል። «ልጄ፣ ለሞት አስቀድሞ መፈረም ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። ልጆቼ ላይ ሸክም ከምሆን ብፈርም ኃጢአት ነው?» አሉኝ።

ነገሩን ላልሰማችሁ ላስረዳ። ካናዳ በሐኪም እርዳታ መሞትን በሕግ የፈቀደችው በ2016 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ነው። መጀመሪያ ሞቱ ለቀረበ ሰው ብቻ ነበር። በ2021 ያ ገደብ ተነሣ። ሞንትሪያል ያለችበት የካናዳ ክፍለ ሀገር ኩቤክ ደግሞ ከኦክቶበር 30፣ 2024 ጀምሮ የቅድሚያ ጥያቄ ትቀበላለች። እንደ አልዛይመር ያለ የማይድን በሽታ የተገኘበት ሰው፣ ገና ልቡ ሳይጠፋ፣ «እዚህ ደረጃ ስደርስ ይፈጸምልኝ» ብሎ በባለሙያ እየታገዘ ይጽፋል። በውል አዋዋይ ወይም በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርማል። ሰዓቱ ሲደርስ እምቢ ካለ ይከበርለታል ይላል ሕጉ። እምቢታው ግን የበሽታው ጠባይ ነው ከተባለ አይቆጠርም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ዛሬ የፈረመው ሰው፣ ነገ ከመርፌው እጁን በሚሸሽገው በዚያው ሰው ላይ ፈራጅ ሆነ ማለት ነው።

እኒያን እናት ግን «አትግደል» በሚለው አልጀመርኩም። ትእዛዙን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያስጨነቃቸው «ሸክም» የሚለው ቃል ነበር። ስለዚህ ኢሳይያስ 46ን አነበብኩላቸው። የባቢሎን ጣዖታት በእንስሳት ጀርባ ተጭነው ይሄዳሉ፤ እንስሶቹም ይደክማሉ። እግዚአብሔር ግን ለሕዝቡ «እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ» ይላል። ጣዖት ሰው ይሸከመዋል፤ አምላካችን ሰውን ይሸከማል። ታዲያ መሸከም የእርሱ ሥራ ከሆነ፣ የምንሸከማት እናት እንዴት ውርደት ትሆናለች?

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ትርፉ ስቃይ ብቻ የሆነን ሕክምና «ይብቃኝ» ማለት ራስን መግደል አይደለም። የስቃይ ማስታገሻ መቀበልም እንደዚያው። ስለዚህ ከነፍስ አባታችሁም ከሐኪማችሁም ጋር ተነጋገሩ፤ ማን እንዲወስንላችሁ እንደምትፈልጉም ለልጆቻችሁ ጻፉላቸው። ቀንዲልም (ለሕሙማን ጸሎት ተደርጎ የሚቀባው ቅዱስ ዘይት) እስኪያጣጥሙ አይጠበቅም፤ ለታመመ ሁሉ ነው።

ለልጆች ደግሞ ሲራክ በምዕራፍ 3 አባትህ አእምሮው ቢደክም እንኳ ታገሠው፣ አንተ ብርቱ ነህና አትናቀው ይላል። ይህን ስጽፍ ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ማታ እናቷን የምታጥብ እህት ትታየኛለች። እሷን «ታገሺ» ብለን ብቻ መሄድ ነውር ነው። ማኅበር እንጠጣለን፣ ጽዋ እናወጣለን። ቅዳሜ ለአራት ሰዓት ያህል ተራ ገብተን እናትየዋን ብንጠብቅላት ምን ይከብደናል? «ሸክም ነኝ» የሚለው ሐሳብ የሚበረታው በር የሚያንኳኳ ሲጠፋ ነው።

አክስቴ በመጨረሻ ዓመታቷ ስሜን ረስታ ነበር። የራሷንም ልጆች «እናንተ የማን ናችሁ?» ትል ነበር። ማታ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «አቡነ ዘበሰማያት» ስል ግን ዓይኗን ጨፍና «ይትቀደስ ስምከ» ብላ ትቀበለኝ ነበር። አንዲት ቃል ሳትስት እስከ መጨረሻው ታደርሰዋለች። ከዚያ ዞር ብላ እንደገና ማን እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች።